ድንጋይ የጠበቀው ክንፍ፦ የጥንት ነፍሳት ቅሪት እንዴት ይቆያል፣ እንዴትስ ይነበባል?

ቅሪተ አካል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አጥንትንና ጥርስን ነው፤ አጥንትና ጥርስ በማዕድን የጠነከሩ በመሆናቸው ሥጋው ከበሰበሰ በኋላም በአፈር ውስጥ ረጅም ዘመን ይቆያሉና። ነፍሳት ግን አጥንት የላቸውም። ቅርጻቸውን የሚይዘው ካይቲን ከሚባል ጠንካራ ግን ቀላል ንጥረ ነገርና ከፕሮቲን የተሠራ የውጭ ቅርፊት ሲሆን፣ ይህም የጥንዚዛ ከሆነ በጣት ሲጫኑት የሚሰበር፣ የትንኝ ከሆነ ደግሞ እፍ ቢሉት የሚታጠፍ ነው። እንዲህ ያለው አካል ሕይወት ከተለየው በኋላ ጉንዳን ይጎትተዋል፣ ወፍ ይለቅመዋል፣ ፈንገስና ባክቴሪያም ያፈርሱታል። ሆኖም በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች በሚገኙ ጥንታዊ አለቶች ውስጥ የክንፋቸው ጅማት፣ የእግራቸው ፀጉር፣ አልፎ አልፎም የክንፋቸው ነጠብጣብ ሳይቀር በግልጽ የሚታይ ነፍሳት በብዛት ተገኝተዋል።

ይህን የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ ሁለት ጥያቄዎች ከፊቱ አሉ፤ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ስስ አካል እንዴት ሊቆይ ቻለ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የቆየው አካል በትክክል እንዴት ይነበባል የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ያላነሰ አስቸጋሪ መሆኑን የጥናቱ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል።

ጸጥ ያለ ውኃና የላመ ደለል

ዝቅጥ አለት የሚባለው አሸዋ፣ ጭቃ፣ ኖራ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ በውኃ ወይም በነፋስ ተጉዞ ዝቅ ባለ ስፍራ ከተነጠፈ በኋላ፣ በላዩ በሚከማቸው ሸክም እየተጫነና በመካከሉ በሚሰርጉ ማዕድናት እየተጣበቀ ወደ ድንጋይነት የሚለወጥ አለት ነው። ከምድር ውስጥ ቀልጦ የሚወጣው እንደ ባዛልት ያለው አለት በሙቀቱ ሕይወት ያለውን ሁሉ ሲያቃጥል፣ ዝቅጥ አለት በአብዛኛው የሚጠነሰሰው በቀዝቃዛ ውኃ ሥር በመሆኑ የሞተን አካል ሳያጠፋ ሊሸፍን ይችላል። ይህ ማለት ግን ዝቅጥ አለት ሁሉ ነፍሳትን ይጠብቃል ማለት አይደለም፤ ወንዝ የሚያንከባልለው ጠጠርና አሸዋ ክንፍን ይፈጫልና። ለነፍሳት ቅሪት ተስማሚ የሚሆነው ማዕበል የማይደርስበት ጸጥ ያለ ውኃ፣ እንደ ዱቄት የላመ ደለል፣ እንዲሁም ኦክስጅን ያነሰውና ስለዚህም ሬሳ የሚበሉ ፍጥረታት የማይበዙበት የሐይቅ ወለል ነው።

አካሉ ከተቀበረ በኋላ የሚደርስበት ለውጥ እንደ ቦታው ይለያያል። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ክራቶ በሚባለው የኖራ ድንጋይ ውስጥ፣ ከ110 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የነበሩ ነፍሳት አካላቸው በብረት አዘል ማዕድን ተተክቶ፣ ሳይጨፈለቁ ሙሉ ቅርጻቸውን እንደያዙ ቆይተዋል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በሚገኘው ማዞን ክሪክ ደግሞ 309 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው ነፍሳት የሚገኙት ድቡልቡል በሆኑ ብረት አዘል ድንጋዮች ልብ ውስጥ ነው፤ ሰብሳቢዎችም ድንጋዩን በውኃ ነክረው፣ ውኃውን ደጋግመው በረዶ በማድረግና በማቅለጥ፣ ደካማ በሆነው መስመሩ በራሱ እንዲሰነጠቅ ያደርጉታል። በብዙ ቦታ የሚታየው ግን ከሁሉም ቀላሉ መንገድ ነው፤ አካሉ በደለል ሸክም ተጨፍልቆ፣ ቅርፊቱ በረጅም ዘመን ኬሚካዊ ለውጥ ካርቦን ወደሞላበት ስስ ቡናማ ወይም ጥቁር ሽፋን ይለወጥና፣ በድንጋዩ ገጽ ላይ በቀለም የተሣለ ይመስላል። ድንጋዩ በንብርብሩ መካከል ሲሰነጠቅ አካሉ በሁለቱ ገጾች ላይ ስለሚከፈል፣ አንዱ ገጽ ያጣውን ዝርዝር ሌላው ይይዘዋል፤ ጠንቃቃ ሰብሳቢም ሁለቱን ገጾች አይነጣጥልም።

የፍሎሪሳንት ሐይቅ

ከላይ የተነገረው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሟልቶ የሚታይበት ምሳሌ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በተራሮች መካከል የሚገኘው የፍሎሪሳንት ሸለቆ ነው። ከ34 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በአቅራቢያው ከነበረ እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጭቃ የሸለቆውን ጅረት ገድቦ ሐይቅ እንዲፈጠር አደረገ፤ ከዚያም በኋላ እሳተ ገሞራው በተደጋጋሚ የሚተፋው አመድ በሐይቁ ላይ እየወረደ ወለሉን አለበሰው። ዛሬ በቦታው የሚገኘው ወረቀታም ሼል የተባለው አለት ነው፤ ሼል በቀጫጭን ንጣፍ የሚሰነጠቅ ከጭቃ የተገኘ አለት ሲሆን፣ የፍሎሪሳንቱ ንጣፍ እጅግ ከመሳሳቱ የተነሣ በቢላዋ ጫፍ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ሊገለጥ ይችላል።

የዚህ ሐይቅ ምሥጢር ያለው በአመዱ ብቻ ሳይሆን አመዱ በመገባቸው ደቃቅ ሕያዋን ላይ ጭምር ነው። ዲያቶም የሚባሉት፣ በዓይን የማይታዩና ከዋቅላሚዎች ወገን የሆኑ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት፣ የአካላቸውን ሽፋን የሚሠሩት መስተዋት ከሚሠራበት ሲሊካ ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ በሲሊካ የበለጸገ በመሆኑ ወደ ሐይቁ በገባ ቁጥር ዲያቶሞቹ በብዛት ይፈሉና፣ ከአካላቸው የሚወጣው አጣባቂ ፈሳሽ በውኃው ላይ እንደ ስስ ምንጣፍ ይዘረጋል። በውኃው ገጽ ላይ የወደቀ ነፍሳት በዚህ ምንጣፍ ይያዛል፣ ከምንጣፉም ጋር ወደ ወለሉ ይሰጥማል፤ አጣባቂው ሽፋንም የባክቴሪያን ሥራ ስለሚያዘገይ፣ አካሉ ሳይፈርስ ቀጣዩ የአመድና የሸክላ ንጣፍ ይደርስለታል። የፍሎሪሳንት ድንጋይ በማጉያ መሣሪያ ሲታይ የዲያቶም ነጭ ንጣፍና የሸክላ ጠቆር ያለ ንጣፍ እየተፈራረቁ መገኘታቸው ይህንኑ ያስረዳል።

በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. በሸለቆው ሰፍራ ትኖር የነበረች ሻርሎት ሂል የተባለች ሴት ከመሬቷ የሰበሰበቻቸውን ቅሪቶች ለተመራማሪዎች ታቀርብ ነበር። ከእነዚህ መካከል ሳሙኤል ስከደር የተባለው አሜሪካዊ የነፍሳት ሊቅ በ1878 ፕሮድሪያስ ፐርሰፎኒ ብሎ የሰየማት ቢራቢሮ ትገኝበታለች። አራቱም ክንፎቿ ተዘርግተው፣ በላያቸው ያለው የጠቆረና የፈዘዘ ጥለት ሳይጠፋ፣ ትናንት በወረቀት መካከል የደረቀች እስክትመስል ድረስ ተጠብቃ የቆየችው ይህች ቢራቢሮ፣ ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ትገኛለች። ከፍሎሪሳንት እስካሁን ከ1500 በላይ የነፍሳት ዝርያዎች ተመዝግበው ስም የወጣላቸው ሲሆን፣ ቦታውም ከ1969 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት በብሔራዊ ቅርስነት ይጠበቃል።

ስሟን የለወጠችው ዝንብ

ከፍሎሪሳንት ቅሪቶች ለአፍሪካ አንባቢ ከቢራቢሮዋም ይልቅ ትኩረት የምትስበው አንዲት ዝንብ ናት። ስከደር በ1892 ይህችን ዝንብ ሲገልጽ፣ እጮቻቸው በከብት አካል ውስጥ ከሚያድጉ የዝንብ ወገኖች መድቧት ነበር። በ1907 ግን ቦታውን በተደጋጋሚ ያጠናው ቴዎዶር ኮክረል ዝንቧ ቆላ ዝንብ፣ በዓለም አቀፍ ስሟም ፀፀ፣ መሆኗን አስታወቀ። ሁለቱ ምደባዎች ፈጽሞ የተራራቁ ናቸው፤ በመጀመሪያው ወገን ያደገችው ዝንብ አፏ የመነመነና ምንም የማትመገብ ስትሆን፣ ቆላ ዝንብ ግን ወደ ፊት የቀና ረጅም መውጊያ ያላት ደም መጣጭ ናት።

ቆላ ዝንብ በኢትዮጵያ በተለይ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ቆላማ ሸለቆዎች፣ በጊቤ፣ በኦሞ፣ በዴዴሳና በዓባይ ተፋሰሶች የምትገኝ ሲሆን፣ ከብትን የሚያከሳውንና የሚገድለውን የገንዲ በሽታ በማስተላለፍ የምትታወቅ ናት። ባለሙያ እርሷን ከሌሎች ዝንቦች ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ በክንፏ መካከል በጅማቶች የተከበበው ሕዋስ ነው፤ የመጥረቢያ ምላጭ የመሰለው ይህ ሕዋስ በሌሎች ዝንቦች ክንፍ ላይ አይታይም። የክንፍ ጅማት አቀማመጥ በነፍሳት ዘንድ ከወገን ወገን የሚለይ በመሆኑ፣ ሆዱና እግሩ የጠፋ ነፍሳት እንኳ አንድ ክንፉ ብቻ ከቀረ ብዙ ጊዜ ማንነቱ ይታወቃል፤ ለቅሪት ተመራማሪ ክንፍ ከመላው አካል ይልቅ የሚፈለገውም ስለዚህ ነው።

ዛሬ የፀፀ ዝንብ መኖሪያ ከሰሃራ በስተ ደቡብ ያለው አፍሪካ ነው ማለት ይቻላል። የኮሎራዶዋ ዝንብ እንደምታስረዳው ግን ይህ ወገን በአንድ ወቅት ከአትላንቲክ ማዶ ይኖር ነበር፤ ተመሳሳይ ቅሪት በኋላ በጀርመን አገርም ተገኝቷል። ስለዚህ ቆላ ዝንብ ዛሬ በአፍሪካ ብቻ መገኘቷ የመጣችበትን ስፍራ በቀጥታ አያመለክትም፤ የዓለም አየር እየቀዘቀዘ ሲሄድ ከሌላው ስፍራ ጠፍታ የቀረችበትን ስፍራ የሚያመለክት ሊሆን ይችላል። የትልቅ እንስሳ አጥንት እንዲህ ያለውን ነገር ሁልጊዜ አይነግርም፤ ትልልቅ እንስሳት ከሙቀት ወደ ብርድ ይሻገራሉ፣ ነፍሳት ግን ብዙዎቹ ከአንድ ዓይነት ሙቀት፣ ከአንድ ዓይነት ተክል ወይም ከአንድ ዓይነት ደም ጋር የተቆራኙ ናቸውና።

ግዙፎቹና አየሩ

ከፍሎሪሳንት ወደ ኋላ እጅግ ርቀን ብንሄድ የነፍሳት መዝገብ እየሳሳ ቢመጣም አይቋረጥም። በስኮትላንድ ራይኒ በሚባል ስፍራ፣ ፍል ውኃ ያጠነከረው ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ አለት የነፍሳት ዘመዶች የሆኑ ደቃቅ ፍጥረታትን ጠብቋል፤ ክንፍ ያላቸው ነፍሳት ደግሞ ከ320 ሚሊዮን ዓመታት በፊት መኖራቸው በእርግጥ ይታወቃል። ከዚህ ዘመን በኋላ ብዙም ሳይቆይ የነበሩት ግን በመጠናቸው የዛሬዎቹን ሁሉ ይበልጣሉ። ሻርል ብሮኛር የተባለው ፈረንሳዊ በ1885 ከፈረንሳይ የኮማንትሪ የድንጋይ ከሰል ማውጫ የተገኘውን ሜጋኒዩራ የተባለ ነፍሳት ይፋ አደረገ፤ ይህ ነፍሳት ዛሬ በውኃ ዳር ሲያንዣብቡ የሚታዩት፣ ቀጭን ረጅም ሰውነትና አራት ክንፎች ያሏቸው ድራጎንፍላይ የሚባሉት የሩቅ ዘመድ ሲሆን፣ ከክንፉ ጫፍ እስከ ሌላው ክንፉ ጫፍ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በአሜሪካ የተገኘው የቅርብ ዘመዱ ደግሞ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል።

ለዚህ ግዝፈት በሰፊው የሚነገረው ማብራሪያ ነፍሳት ከሚተነፍሱበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። ነፍሳት ሳንባ የላቸውም፤ በጎናቸው ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚገባው አየር እየተከፋፈሉ በሚሄዱ ቧንቧዎች ውስጥ አልፎ በቀጥታ ወደ ሕዋሳት ይደርሳል፤ ሰውነቱ በገዘፈ መጠን አየሩ የሚጓዘው መንገድ ይረዝማል፣ ኦክስጅንም ሳይደርስ ይደክማል። በዚያ ዘመን የምድርን ቆላማ ስፍራ የሸፈነው ረግረጋማ ደን የአየሩን ኦክስጅን ዛሬ ካለበት 21 በመቶ ወደ 30 በመቶ ገደማ ከፍ አድርጎት እንደነበር ስለሚገመት፣ ያ ገደብ ላልቶ ነበር ይባላል። ይሁንና ነፍሳት ዳግም እንደዚያ ያልገዘፉበት ምክንያት በኦክስጅን መቀነስ ብቻ አይብራራም፤ በኋለኛው ዘመን በራሪ አከርካሪ ያላቸው እንስሳት፣ በተለይም ወፎች፣ በአየር ላይ አዳኝ ሆነው መምጣታቸው ለትልቅና ለዘገምተኛ ነፍሳት አደጋ እንደሆነ የሚያስረዱ ተመራማሪዎች አሉ።

ቀለም፣ ድምፅና ደም

ከዝቅጥ አለት የሚጠበቀው ቅርጽ ብቻ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በጀርመን ሜሰል በሚባለው ስፍራ ከሚገኘው፣ ዕድሜው 48 ሚሊዮን ዓመት ያህል ከሆነው ዘይታማ ሼል የሚወጡ ጥንዚዛዎች ግን ዛሬም እንደ ብረት ያብለጨልጫሉ። ይህ ሊሆን የቻለው ቀለማቸው ከቀለም ንጥረ ነገር የመጣ ሳይሆን፣ በቅርፊታቸው ላይ ያሉት እጅግ ስስ ንብርብሮች ብርሃንን ከፋፍለው ከሚያንጸባርቁበት መንገድ የመጣ በመሆኑ ነው፤ ንብርብሩ እስካልፈረሰ ድረስ ቀለሙም አይጠፋም። የሜሰል ድንጋይ ብዙ ውኃ የያዘ ስለሆነ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ ከውስጡ የሚወጡት ነፍሳት በግሊሰሪን ተነክረው ይጠበቃሉ።

ድምፅም ቢሆን በተዘዋዋሪ መንገድ ተገኝቷል። አንዳንድ የፌንጣ ወገኖች የሚጮኹት በአንዱ ክንፋቸው ላይ ያለውን ጥርሳም መስመር በሌላው ክንፍ ጠርዝ እየፈገፈጉ በመሆኑ፣ በቻይና ውስጣዊ ሞንጎሊያ በ165 ሚሊዮን ዓመት አለት ውስጥ የተገኘ የፌንጣ ዘመድ የክንፍ ጥርሶች ተለክተው፣ እንስሳው ያሰማ የነበረው ድምፅ በሰው ጆሮ ሊሰማ የሚችል 6.4 ኪሎ ኸርዝ ያህል የጠራ ዜማ እንደነበር በ2012 ተገምቷል። በ2013 ደግሞ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ ዕድሜው 46 ሚሊዮን ዓመት በሆነ ሼል ውስጥ፣ ሆዷ በደም እንደተወጠረ የተቀበረች ትንኝ መገኘቷ ተነገረ፤ በሆዷም ውስጥ ብረትና ደምን ቀይ የሚያደርገው ውሁድ ቅሪት ተለይቷል። ይህ ግን ፊልሞች እንደሚያሳዩት የጠፋ እንስሳን ከትንኝ ሆድ ማስነሣት ይቻላል ማለት አይደለም፤ የዘር መረጃ የተጻፈበት ዲኤንኤ በቶሎ የሚበጣጠስ ሲሆን፣ እስካሁን የተነበበው ከሁሉ የቆየው ዕድሜው 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ብቻ ነው።

ከጭልጋ ቅጠል እስከ ዓለም ከተማ ሙጫ

ኢትዮጵያም በዚህ መዝገብ ውስጥ ድርሻ አላት። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በሚገኘው ጭልጋ፣ ከ27 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ ባላቸው የአመድና የደለል ንብርብሮች ውስጥ የጥንት ደን ቅጠሎች በብዛት ተገኝተዋል። በእነዚህ ቅጠሎች ላይ በ2011 የታተመ ጥናት የተመለከተው ነፍሳቱን ሳይሆን ጥርሳቸው የተወውን ምልክት ነው። አንዳንዱ ቅጠል ጠርዙ ተገምጧል፤ አንዳንዱ ተበስቷል፤ አንዳንዱም ጅማቶቹ ብቻ እስኪቀሩ ተግጧል። ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚናገረው በቅጠል ውስጥ እየቦረቦረ የሚኖር እጭ የሚተወው መስመር ነው፤ መስመሩ ሲነሣ እንደ ክር የቀጠነ ሆኖ፣ እጩ ባደገ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል፣ መጨረሻውም እጩ ወደ ክንፋም ነፍሳት ለመለወጥ በወጣበት ስፍራ ይቆማል። በተገመጠው ክፍል ዙሪያ የጠቆረ ጠባሳ ከታየ ደግሞ ቅጠሉ ሲበላ በሕይወት እንደነበር፣ ቁስሉንም ለመዝጋት እንደሞከረ ይታወቃል። አንድም ክንፍ ሳይገኝ በደኑ ውስጥ ማን ምን ይበላ እንደነበር የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው የኢትዮጵያ ምሳሌ ከሰሜን ሸዋ፣ ከዓለም ከተማ አካባቢ የተገኘው አምበር ነው። አምበር ከዛፍ የፈሰሰ ሙጫ በደለል ተቀብሮ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት በመጠንከሩ የሚገኝ ሲሆን፣ በውስጡም ጉንዳኖችና ሌሎች ነፍሳት ሳይጨፈለቁ ተጠብቀው ይገኛሉ። በ2010 ይህ ግኝት ይፋ ሲሆን ዕድሜው 95 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተብሎ ነበር፤ ይህም ዳይኖሰሮች ከነበሩበት ዘመን ያደርሰዋል። በኋላ ግን ሙጫው ከወጣበት ደለል የተገኙት የተክል ዘርና ብናኝ ቅሪቶች ሲመረመሩ፣ በውስጡም ያሉት ነፍሳት ዛሬ ካሉት ወገኖች ጋር እጅግ ሲቀራረቡ፣ ዕድሜው ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት መካከል ወዳለው የሚዮሲን ዘመን መጀመሪያ እንዲወርድ ተደርጓል። እርማቱ የግኝቱን ዋጋ አላሳነሰውም፤ የአፍሪካ የነፍሳት መዝገብ እጅግ የሳሳ በሆነበት በዚያ ዘመን ላይ በማዋሉ እንዲያውም ጠቃሚነቱን አጉልቶታል።

የኮሎራዶዋ ዝንብና የዓለም ከተማው ሙጫ በዚህ ይገናኛሉ። ዝንቧ 15 ዓመት በተሳሳተ ስም ተቀምጣ የኖረች ብትሆንም፣ ድንጋዩ ባይጠበቅ ኖሮ ሌላ ዓይን ተመልሶ ሊያያት ባልቻለ ነበር፤ የሙጫውም ዕድሜ ሊታረም የቻለው ሙጫው ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ በመታወቁና የንብርብሩ ደለል አብሮ በመመርመሩ ነው። ከወጣበት ንብርብር ተለይቶ የተሸጠ ወይም ለጌጥ የተሞረደ ቅሪት መልኩ ያማረ ቢሆንም ዘመኑን መናገር አይችልም። አንድ ሐይቅ በወለሉ ያስቀመጠውን ክንፍ እንደገና ለማንበብ የሚመጣው ሰው የሚያስፈልገው ክንፉ ብቻ አይደለም፤ ክንፉ የተኛበት ስስ የአመድ ንጣፍ ጭምር ያስፈልገዋል።